የኩክኔው ምስክርነት

በበዓል ዋዜማ ዶሮ ተራ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ላባ ነው፤ ቀጥሎ ኩክኔ። ክብደቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁለቱን እግር ጨብጦ ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ደረቱን በጣት መዳሰስ፣ ክንፉን ገልጦ ማየት። ቀይ ሆኖ ኩክኔው ድርብ የሆነ አውራ ዶሮ ይዞ የቆመ ባላገር ከጠራው ዋጋ ንቅንቅ አይልም። ጥቁሩን የያዘው ደግሞ ጠንቋይ ያዘዘለት ሰው ካልመጣለት በቀር እስኪመሽ ሊቆም ይችላል። ገብስማም እንዲሁ በትእዛዝ የሚፈለግበት ጊዜ አለ። የዶሮ መልክ በአገራችን ብር ነው። እኔን ለዓመታት ሲያብሰለስለኝ የኖረው ነገርም ይኸው ነው፦ መልክ ይህን ያህል ዋጋ ካለው፣ ጓሮ ውስጥ የሚረባውን ጫጩት መልክ አስቀድሞ ማወቅ፣ አቅዶም ማውጣት ይቻል ይሆን?

ይቻላል። ሁሉም ነገር አይደለም፤ የሚቻለውን ያህል ግን በዓይን ሲያዩት እጅን በአፍ ያስጭናል።

የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። እዚህ ከተማ ስለ ዶሮ የማያወራ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ነው፤ ጫጩት የሚያስፈለፍሉና መኖ የሚያቀነባብሩ ድርጅቶች በየአቅጣጫው አሉ፤ ቡና ላይ የተቀመጡ እናቶች ስለ ፈንግል ክትባት ሲከራከሩ መስማት የተለመደ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ያሉት ሁለት እንቁላል ጣዮች ኮኮክ የሚባለው ዝርያ ናቸው። ይህ ዶሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፖቸፍስትሩም በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ከጥቁሩ አውስትራሎርፕና ከነጩ ሌግሆርን መነሻ ተዳቅሎ የወጣ ነው። ወደ እኛም መጥቶ በምርምር ማዕከሉ በኩል በብዙ አካባቢ ተሰራጭቷል። ላባው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር እየተፈራረቀ ይወርዳል። ሰፈራችን ይህን መልክ ገብስማ ይለዋል።

አውራው የመጣው ለፋሲካ ነው። እናቴ ከገበያ ስታመጣው እግሩ ታስሮ እንኳ ቀና ብሎ ነበር። ቀይነቱ አንገቱ ላይ ወደ ወርቃማ ያደላል፤ ኩክኔው ሰፊ፣ ከላይ ጥቃቅን ጉብጉብታ የሞላበት፣ ከኋላው በአንድ ሹል ጫፍ የሚያበቃ ድርብ ነው።

«እማዬ፣ ይሄን አናርደውም» አልኳት።

«ለጾም ፍቺ ላባ ነው የምትበላው?» አለችኝ።

ሌላ ዶሮ ተገዝቶ ወጡ ተሠራ፤ ቀዩ ቆጥ ላይ ወጣ። እናቴ እስከ ዳግማዊ ትንሣኤ ድረስ ባየችው ቁጥር አንገቷን ትነቀንቅ ነበር።

ያን አውራ ያስቀረሁት ለውበቱ ብቻ አልነበረም። ቀይ አውራና ገብስማ ሴት ሲገናኙ የሚሆነውን ነገር ከዚያ በፊት አውቀው ነበር፤ በራሴ ጓሮ ለማየት ግን ዕድሉ አልገጠመኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። በሰው ዘንድ የልጅን ጾታ የሚወስነው የአባት ዘር ነው። በዶሮ ግን የምትወስነው እናት ናት። አውራው ሁለት ዜድ ክሮሞሶም አለው፤ ሴቷ ያላት አንድ ዜድና አንድ ደብሊዩ ነው። ከእናቱ ዜድ የደረሰው ጫጩት ወንድ፣ ደብሊዩ የደረሳት ሴት ትሆናለች። ገብስማውን መስመር የሚያወጣው ጂን ያለው ደግሞ ዜድ ላይ ነው። ስለዚህ ኮኮኳ መስመሯን ማውረስ የምትችለው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው። ለሴት ልጆቿ የምትሰጠው ደብሊዩን ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ መስመር የለም። ሴቷ ጫጩት ብቸኛ ዜዷን የምታገኘው ከአባቷ ነው፤ አባቷ ቀዩ ከሆነ መስመር አልባ ሆና ታድጋለች።

በዚህ ላይ የኮኮክ ጥቁርነት ቀዩን ስለሚሸፍነው ጫጩቶቹ ሁሉ ሲፈለፈሉ ጥቁር ናቸው። መስመሩን የወረሰው ወንድ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ይዞ ይወጣል። ሴቷ አናቷ ጥቁር ነው። በቃ፤ ገና እርጥበቱ ሳይደርቅ ወንድና ሴቱ ተለየ። አንድ ቄብ ስንት እንደምታወጣ፣ አንድ ኮበሌ አውራ ደግሞ ስንት መኖ እንደሚጨርስ የሚያውቅ ሰው የዚህን ትርጉም ይረዳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ምግብ ሲያጥር፣ የካምብሪጁ ሬጂናልድ ፐኔት ጫጩቶችን በተፈለፈሉበት ቀን በላባቸው ለይቶ መኖ መቆጠብ እንደሚቻል ሐሳብ ያቀረበው ከዚሁ እውቀት ተነሥቶ ነው።

ማዳቀሉ ሲገለበጥ ግን አይሠራም። አውራው ገብስማ፣ ሴቷ ቀይ ብትሆን አባትየው መስመሩን ለወንዱም ለሴቱም ይሰጣል፤ ሁሉም ገብስማ ሆነው ያድጋሉ፤ የአናት ነጥብም ሁሉም ላይ ይወጣል። ይህቺን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ የጎረቤት ሙግት የተነሣው በእሷ ነው።

የእኔዎቹ ኮኮኮች አይታቀፉም። ይጥላሉ፣ ትተው ይሄዳሉ። የምትታቀፍ ዶሮ ያለቻቸው ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ እኔም ሰፈሩም እማማ የምንላቸው ሴት። ዶሮዋ ያገር ናት፤ አንገቷ መላጣ። መላጣ አንገት ዶሮ ለበዓል ገበያ ስለማትመረጥ ብዙ ሰው አይወዳትም፤ እሳቸው ግን ከልጆቻቸው አንዷ ይመስል ይሳሱላታል። ልክም ናቸው። አንገትን መላጣ የሚያደርገው ጂን የሚያራቁተው አንገትን ብቻ አይደለም፤ በመላ ሰውነት ላይ ያለውን ላባ ይቀንሳል፣ ዶሮዋም ሙቀትን በደንብ ትችላለች። ከዚህ ጂን አንድ ቅጂ ያላት ዶሮ ከአንገቷ ፊት ለፊት፣ ከማንቁርቷ በታች አንዲት ጭብጥ ላባ ትቀርላታለች፤ ሁለት ቅጂ ያላት ያቺም የላትም ማለት ይቻላል። የእማማ ዶሮ ጭብጧ አለች። እንግዲያው ሙሉ አንገት ካለው አውራ ስትወልድ ከልጆቿ ግማሹ መላጣ፣ ግማሹ ባለ ላባ መሆን ይገባዋል። ይህን የሚናገረው ላቦራቶሪ ሳይሆን አንገቷ ላይ ያለችው ጭብጥ ላባ ናት።

ውላችን አጭር ነበር፦ የሚወጡትን ጫጩቶች እኩል እንካፈላለን። ዶሮዋ ከመታቀፏ በፊት የጣለቻቸውን ሁለት የራሷን እንቁላሎች እማማ ጨመሩ፤ አሥሩን እኔ አመጣሁ። እንቁላሎቹ እንዳይቀላቀሉ ምልክት አላስፈለጋቸውም፤ የኮኮኮቹ ተለቅ ያሉና ቡናማ ናቸው፣ የመላጣዋ ግን ትናንሽና ነጣ ያሉ። ጭድ የተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ ስናስቀምጥ እማማ አንዳንዱን እያነሡ ወደ ብርሃን ያዞሩ ነበር።

«ሹሉ ወንድ ነው፣ ልጄ። ድቡልቡሉን ነው የምትመርጠው። እናቴም እንዲህ ነበር የምታስታቅፈው።»

«እማማ፣ ቅርፊቱ የሚመጣው ኋላ ነው። ወንድ ወይ ሴት መሆኑ የተወሰነው አስኳሉ ገና ራቁቱን ሳለ ነው» አልኳቸው።

«እሱንም አንተ ገብተህ አይተኸዋል» አሉና ድቡልቡሎቹን መሐል፣ ሹሎቹን ዳር አደረጉ። ከዚያ እኔ በተራዬ ትንቢቴን ተናገርኩ፦ ከእኔ እንቁላሎች ጥቁር ጫጩት ይወጣል፤ አናቱ ላይ ነጭ ያለበት ወንድ፣ የሌለባት ሴት። ሰምተው ዝም አሉ። ዝምታቸው «እናያለን» ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ገና እንቁላሎቹ በሚሰበሰቡበት ሳምንት ነው። ሰኔ ገብቶ ነበር። አንድ ማታ ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ በግቢያችን መካከል ያለውን የቆርቆሮ አጥር ከነእንጨቱ ጣለው። ጠዋት ስወጣ የእማማ አውራ ዶሮ እኔ ጓሮ ነበር። እሱም ኮኮክ ነው፤ ንጹሕ ገብስማ፣ ነጠላ ኩክኔ፣ ተለቅ ያለ። ቀዩ ፊቱ ደም በደም ሆኖ ከጓሮው ጥግ ቆሟል። አጥሩ እስኪጠገን ሁለቱ አውራዎች እየተጣሉ፣ ሴቶቹም ከሁለቱም ጋር እየሆኑ ሰነበቱ። ሴት ዶሮ ደግሞ የአውራውን ዘር በማሕፀኗ መንገድ ላይ ባሉ ጥቃቅን ጎድጓዳዎች አቆይታ እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ድረስ እንቁላል ታስረግዝበታለች። አውራ የቀየረ ሰው ሦስት ሳምንት ካልጠበቀ የጫጩቱን አባት አውቃለሁ ማለት አይችልም የሚባለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል እንቁላል ሲቆይ የመፈልፈል አቅሙ ይወርዳል፤ መላጣዋም ታቅፋ ኩርፊያዋን ጀምራለች፣ እስክንዘጋጅ አትጠብቅም። አስታቀፍናት።

በሳምንቱ ማታ በሞባይል ባትሪ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። የሁለቱ ትናንሾች ውስጥ ቀያይ የደም ሥሮች ተዘርግተዋል። ከአሥሩ ቡናማዎች ግን ስድስቱ ባዶ ነበሩ፤ ብርሃኑ ጥርት ብሎ ያልፋል፣ ምንም የለባቸውም። እማማ ማማተብ ጀመሩ። «ቡዳ ነው» አሉ፤ ማን በአጥሩ በኩል ቆሞ እንዳየ ቆጠሩ።

እኔ ያሰብኩት የቀዩን ኩክኔ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዶሮ ነገር በጣም የምወደው እዚህ ጋ ነው።

ገበያ ላይ በጥቅሉ ድርብ የሚባለው ኩክኔ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ አጠር ብሎ በሦስት ረድፍ የሚሄደው ነው፤ የዝርያ አዋቂዎች የአተር ኩክኔ ይሉታል። ሌላው የቀዩ ዓይነት ሰፊው ሲሆን ጽጌረዳ ይባላል። ሁለቱም በነጠላው ላይ የበላይ ናቸው፤ ከአንድ ወላጅ አንድ ቅጂ ከመጣ ኩክኔው ድርብ ይሆናል። ተመራማሪው ዊልያም ቤትሰን የሜንዴል የዘር ውርስ ሕግ በአተር ተክል ላይ ብቻ ሳይሆን በእንስሳም ላይ እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲያሳይ፣ ማስረጃው የዶሮ ኩክኔ ነበር። ኋላም ከፐኔት ጋር ጽጌረዳውንና አተሩን አዳቀሉ። የወጣው ከሁለቱም የማይመስል ሦስተኛ ዓይነት ጉብ ያለ ኩክኔ ነው። እነዚያን ልጆች እርስ በርስ ሲያዳቅሉ ደግሞ ከ16 ጫጩቶች በአማካይ 9 ጉብ ያለው፣ 3 ጽጌረዳ፣ 3 አተር፣ 1 ደግሞ ነጠላ ሆኑ። ወላጆቹም አያቶቹም ድርብ ሆነው ሳለ ነጠላው ብቅ አለ። ገበሬ «ሁለቱም ድርብ ነበሩ፤ ይሄ ከየት መጣ?» ብሎ ሚስቱን ወይ ጎረቤቱን የሚጠረጥርበት ጫጩት ይኸው ነው፤ መልሱም ከመቶ ዓመት በፊት ተሰጥቷል።

ስለ ጽጌረዳው ግን አንድ ሌላ ነገር አለ። ይህን ኩክኔ ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ፣ ሁለት ቅጂ ያለው አውራ ዘሩ ደካማ እንደሆነ አርቢዎች ከድሮ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ምክንያቱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 አወጡት። ጽጌረዳው የመጣው ሰባተኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ትልቅ ቁራጭ ተገልብጦ በመቀመጡ ነው፤ ቁራጩ ሲገለበጥ አንደኛው ጫፉ ለዘር ፈሳሹ እንቅስቃሴ የሚያስፈልግ ሌላ ጂን ሰብሯል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው አውራ ጤነኛ ነው። ሁለት ቅጂ ያለው ግን ዘሩ ይለግማል፤ በተለይ ሌላ አውራ ከጎኑ ካለ ይሸነፋል። እንግዲህ ዶሮ ተራ ከፍተኛውን ዋጋ የሚያስከፍለው ያ አክሊል፣ በሁለት በኩል ሲወረስ የባለቤቱን ዘር የሚያደክም ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰው ለዘመናት በኩክኔው መርጦ ለርቢ አስቀምጧል፤ ነጠላው ኩክኔ ግን ከመንጋው አልጠፋም፤ አንዱ ምክንያት ጓሮ ውስጥ እንቁላሉን የሚያስረግዘው አንዳንዴ ያልተመረጠው መሆኑ ይመስለኛል።

በ21ኛው ቀን ስድስት ጫጩቶች ወጡ። ከትናንሾቹ እንቁላሎች የወጡት ሁለቱም አንገታቸው መላጣ ነው። ግማሽ በግማሽ ብዬ ነበር፤ ግን ይህ ግማሽ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፣ ሁለት ጊዜ ተወርውሮ ሁለቴ አንበሳው ቢወጣ ሳንቲሙ አልዋሸም። አናታቸው ላይ ነጥብ አለ፤ መላጣዋ ከመታቀፏ በፊት የነበረችው ከእማማ ገብስማ ጋር ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ከቡናማዎቹ የወጡት አራት ናቸው። አራቱም ጥቁር። የጫጩት ኩክኔ በመጀመሪያው ቀንም ይለያል፤ ነጠላው ቀጭን ክር ነው፣ ጽጌረዳው ጠፍጠፍ ያለ ሰፊ መሬት አለው። አንዷ አናቷ ጥቁር፣ ኩክኔዋ ሰፊ፤ በትንቢቴ መሠረት የቀዩ ሴት ልጅ። አንዱ ባለ ነጥብ፣ ኩክኔው ሰፊ፤ የቀዩ ወንድ ልጅ። ሁለቱ ግን ባለ ነጥብ ሆነው ኩክኔያቸው ነጠላ ነበር።

እማማ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና ሁለቱን ነጠላዎች ለይተው አነሡ።

«እነዚህ የእኔ ገብስማ ልጆች ናቸው።»

«ሊሆኑ ይችላሉ» አልኳቸው። ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ ያልኩት ለይሉኝታ አልነበረም። ቀዩ የጽጌረዳው ሁለት ቅጂ ካለው ልጆቹ ሁሉ ድርብ ይሆናሉ፤ ነጠላ የሆነ ሁሉ የሌላ ነው ማለት ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ካለው ግን ግማሹ ነጠላ ሊወጣ ስለሚችል እነዚያም ባለ ነጥቦች የእሱ ወንዶች ሊሆኑ ይችላሉ። ባዶ የሆኑት እንቁላሎች ወደ መጀመሪያው ሐሳብ ያደላሉ፤ ማስረጃ ግን አይደሉም።

«ሊሆኑ ይችላሉ ምን ማለት ነው? ዓይን የለህም? ቁርጥ እሱን!»

«እማማ፣ ላባ እስኪያወጡ እንጠብቅ። ከሁለቱ አንዷ ሴት ሆና ገብስማ ላባ ካወጣች የእርስዎ አውራ ልጅ ናት፣ አልከራከርም። የቀዩ ሴት ልጅ ገብስማ ልትሆን አትችልም።»

«ወንድ ቢሆንስ?»

«ወንድ ከሆነ ንጣቱን እናያለን። መስመሩን ከአባትም ከእናትም የወረሰ ወንድ ሁለት ቅጂ ስላለው ፈዘዝ፣ ነጣ ይላል። ከእናቱ ብቻ የወረሰው ጥቁሩ ይበዛበታል።»

ሰፈሩ ሰማ። ቡና ላይ ወሬው የጫጩቶቹ አባትነት ሆነ። አንዱ በዓይናቸው፣ ሌላው በአረማመዳቸው ፈረደ። አንዲት ሴትዮ እናት ዶሮ በታቀፈችበት ጊዜ የምታየውን መልክ ነው የምታወጣው ብለው ቅርጫቱ በየት በኩል ይዞር እንደነበር ጠየቁ። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ዶሮን ከእኔ በላይ አይተዋል፤ አንዲት ዶሮ ከመታመሟ ሁለት ቀን በፊት ከአረማመዷ ያውቁባታል። ያላዩት ለማየት መዝገብ የሚጠይቀውን ነው፤ የትኛዋ እናት፣ የትኛው አባት፣ ስንቱ ምን መልክ እንዳወጣ። እንቁላል የሚቆጠር እንጂ የሚጻፍ ነገር ሆኖ አያውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ጭልፊት መጣ። ቀን ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ጫጩቶቹ ከእናታቸው ጋር አጥሩ ሥር ይጭራሉ። መላጣዋ ጮኸች፤ እማማም ጮኹ፤ እኔ ስሮጥ የወሰደው ወስዶ ነበር። ከስድስቱ የመረጠው አናቷ ጥቁር የነበረችውን፣ ኩክኔዋ ድርብ የሆነችውን፣ የቀዩን ብቸኛ ሴት ልጅ ነው። ያቺን ጫጩት በጣም ወድጃት ነበር። እንቁላል ስትጥል፣ ከአንገቷ ላይ የአባቷ ወርቃማ ብልጭ ሲል፣ ትታቀፍ እንደሆነም ለማየት እጠብቅ ነበር። እናቴ እንኳ የዚያን ቀን ስለ ቀዩ ወጥ መሆን ምንም አላነሣችም። እማማ ከቤታቸው ወጥተው፣ «ከእኔዎቹ አንዱን በወሰደ ኖሮ» አሉኝ። ከልባቸው ነበር።

ክረምቱ ወጣ፤ መስከረም ላይ ላባው ተናገረ። ከሁለቱ ነጠላዎች አንዷ ቄብ ሆነች፤ ከጅራት እስከ አንገት ገብስማ። ሌላው ወንድ ነው፤ ከእናቱ በግልጽ የነጣ። ሁለት ምስክር አንድ ቃል ተናገረ፤ ሁለቱም የእማማ አውራ ልጆች ናቸው። ባለ ድርቡ ወንድ ግን መስመሩ የጠቆረ፣ አንገቱና ወገቡ ላይ የአባቱን ቀይ የለበሰ ሆኖ አደገ። እማማን ጠርቼ ሦስቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው።

«የእርስዎ ገብስማ ልጆች ናቸው» አልኳቸው።

«እኔ ያልኩት መቼ ነበር?» አሉ፤ ፊታቸው በራ። እሳቸው በመልክ፣ እኔ በጂን ሄደን አንድ ቦታ ደረስን፤ ልዩነቱ የእኔው መንገድ ያልተወለደውንም መናገር መቻሉ ነው። በዶሮ ወግ ጫጩት የእናቲቱ ባለቤት ንብረት ነው፤ ለአውራ የሚከፍል የለም። ያም ሆኖ ቄቧን ሰጠኋቸው። ነጣ ያለውን ወንድና ከመላጣዎቹ ወንዱንም ወሰዱ፤ ዶሮዋ የእሳቸው ናት፣ የታቀፈችው እሷ ናት። እኔ ባለ ድርቡንና መላጣዋን ቄብ አስቀረሁ።

እስካሁን ያወራሁት ዓይን ስለሚያየው ነው፤ ላባ፣ ኩክኔ፣ አንገት። እነዚህ በአንድ ወይም በሁለት ጂን የሚመሩ ስለሆኑ ይታዘዛሉ። ኑሮ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ስንት ትጥላለች፣ ትታቀፋለች ወይ፣ ፈንግል ሲገባ ትተርፋለች ወይ፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀድማ ታያለች ወይ። እነዚህ ብዙ ጂኖች በጥቂት በጥቂቱ የሚያዋጡባቸው፣ መኖና በሽታም የሚገቡባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ጫጩት አናት ላይ አይጻፉም። ያገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው ተብሎ ትናቃለች። ግን ጥላ፣ ታቅፋ፣ ፈልፍላ፣ ልጆቿን አሳድጋ ነው እንደገና ወደ መጣል የምትመለሰው፤ የመታቀፊያውን ጊዜ ከዓመቷ ላይ ቀንሶ የሚቆጥርላት የለም። መብራት ሲጠፋ የማትቆም ማስፈልፈያ ናት።

በአገራችን ለብዙ ዓመታት ያገሩን ዶሮ ለማሻሻል ተብሎ የተደረገው የውጭ አውራ ለገበሬ ማደል ነበር። እንቁላሉ ጨመረ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የተሰጠው አውራ ምን እንደሚጨምር እንጂ ምን እንደሚወስድ ማን ጻፈ? የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ሆሮ የምትባለውን ያገር ዶሮ ከራሷ ውስጥ፣ ትውልድ በትውልድ ጥሩ ጥሩዋን እየመረጡ ማሻሻል መጀመራቸውን ስሰማ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ረጅም መንገድ ነው፤ ቢሆንም መታቀፍ የምትችለዋን ዶሮ ሳይጥል የሚሄድ መንገድ ነው። መላጣ አንገቷንም በገበያ መልኳ ከምናጠፋት ቆላ ላለ ዘመዳችን ብንልክለት ይሻላል።

ቀዩን አልሸጥኩትም። ብቻውን ከሴቶቹ ጋር ሲሆን ከሚጣሉት እንቁላሎች የተወሰኑት ይፈለፈላሉ፤ ያለ ተፎካካሪ ይችላል። ለርቢ የማስበው ግን ልጁን ነው። እናቱ ነጠላ ስለነበረች ያለው የጽጌረዳው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ መልኩ የአባቱ፣ ጉልበቱ ጤነኛ። ከነጠላ ሴቶች ጋር ሳገናኘው ከጫጩቶቹ ግማሹ ድርብ ኩክኔ ይኖረዋል፤ ሴቶቹ ግማሾቹ ገብስማ፣ ግማሾቹ መስመር አልባ ይሆናሉ። ከአሁን ጀምሮ ለአባትነት የማስቀምጠው አውራ ሁሉ ከሁለት ወላጁ አንዱ ነጠላ የሆነ ይሆናል፤ ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፣ ለርቢ ብሎ ድርብ አውራ የሚገዛ ሰው የእናቱን ኩክኔ ይጠይቅ።

እማማ ባለፈው ሰሞን መጥተው የልጁን አካሄድ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ነጠላ ኩክኔ ያላት አንዲት ቀይ ያገር ዶሮ ከነጠላቸው ሥር አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። በዚህኛው አጥሩን በራሳቸው ወጪ በሽቦ እንደሚያጠብቁ ነገሩኝ፤ ለገና የሚደርስ ቀይ፣ ባለ ድርብ ኩክኔ እንድናወጣ ፈልገዋል። ለዘንድሮው ገና እንደማይደርስ፣ ከማገናኘታችን በፊትም ዶሮዋን ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ማቆየት እንዳለብን፣ ልጁም ከኮኮክ እናቱ ጥቁርን ስለወረሰ ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ እንደሚጠቁሩ፣ ከወንዶቹም ግማሹ መስመር እንደሚይዙ አስረዳኋቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ሰሙኝና፣ «ጻፈው» አሉኝ፤ «የእሷንም እናት ጨምረህ ጻፍ፤ እሷም መላጣ ነበረች።»